«ትሪውን» ወስደው «ፖስታውን» ለሰጡን ኃላፊ

ለተከበሩ የመሣሪያ አቅርቦትና ዘመናዊነት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ስለ ወገብዎ ደግሞ ለብቻው እጠይቃለሁ። አዲሶቹን ላፕቶፖች ባስረከቡን ዕለት የቀድሞው ክብደት የሠራተኛውን ወገብ እንዴት እንደፈጀው ሲያስረዱ ድምፅዎ ተሰብሮ ስለነበር፣ ያን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ተሸክመውት የማያውቁት እርስዎ እንዲህ ከታመሙ የእኛ ወገብ እንዴት ዝም አለ ብለን እስከ ዛሬ ስንገረም ቆይተናል።

እኔ የውሃ መስመር ጥገና ቡድን አስተባባሪ ነኝ። መንገድ ቆፍረን፣ አላፊ አግዳሚው እየረገመን፣ የፈነዳ ቧንቧ የምንጠግነው እኛ ነን። ቡድናችን አራት ሰው ነው፤ እኔ፣ ሾፌሩ፣ ቧንቧ ገጣጣሚዋ፣ እንዲሁም በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም «ወንድም ጋሼ» የምንለው ቆፋሪ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው። ወንድም ጋሼ በእርስዎ መምሪያ ከሳሽነት ከሥራ ታግዷል፤ ይሰናበት ወይስ አይሰናበት የሚለውን ደግሞ ኮሚቴው ሰኞ ይወስናል። በውስጥ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ከአንዱ በቀር መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት እነሱም ትንሹ ስክሪን ላይ አልታይ ብለው ይሆናል በሚል ቅን ግምት ወደ ጋዜጣው ዞሬያለሁ። አቤቱታዬንም እንደ ደንቡ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስፋት። የቀድሞውን ላፕቶፕ «ትሪው» እንለው ነበር፤ ስክሪኑ አሥራ ሰባት ኢንች ነው። አዲሱን ደግሞ ሾፌሩ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አይቶ «ፖስታው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ትሪው ከባድ እንደነበር አልክድም፤ ማጠፊያው ላልቶ በሽቦ ታስሯል፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ባትሪው ሞቶ ከመኪናው ገመድ ካልተሳበለት አይሠራም ነበር። ፖስታው ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ አይጠይቅም፤ ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ከእሱ የተሻለ አላውቅም፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። ነገር ግን የቧንቧ መስመሮቹን ካርታ ስንከፍት ትሪው ላይ ሰፈሩ ከነማዕዘኑና ከነመታጠፊያው፣ ውሃ የማያልፍበት የተተወው መስመርና ዋናው መስመር በየቀለማቸው፣ በአንድ እይታ ወለል ብለው ይታዩ ነበር። ፖስታው ላይ መንገዱን ካየሁ የመስመሩ ቁጥር አይነበብም፤ ቁጥሩን ላነብ ካሰፋሁት ደግሞ መንገዱ ከስክሪኑ ይወጣል። ፀሐይ ሲያገኘው ሁለቱም ይጠፉና የራሴ ፊት ይመጣል። በሥራ ሰዓት ፂሜን እንድላጭ ታስቦ የተደረገ ውለታ ከሆነ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጣት። ክቡርነትዎ የመኪናችንን ኮፈን በቅርብ የማየት ዕድል አላጋጠመዎትም ይሆናል። ትሪውን ኮፈኑ ላይ አኑረን አራታችንም እንከበዋለን፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ሊቆፈር ነው የተባለውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በጣቱ ነክቶ «አየሁ» ይላል። አራት «አየሁ» ሳይሞላ ዶማ አይነሳም። ይህን ማንም አላዘዘንም፣ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ ከእኛ በፊት ከነበሩት ሠራተኞች የወረስነው ልማድ ነው። አንዳችን «ቆይ» ካልን እንደገና እናያለን። ብዙውን ጊዜ የከንቱ ክርክር ነው፤ ሾፌሩማ ነገር ካላራዘመ ምሳ አይበላለትም። ቢሆንም ስንት ጊዜ ከጥፋት እንደተረፍንበት እኛ እናውቃለን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለእኛ የንግግር ማሳመሪያ አልነበረም፤ በየቀኑ የምንሠራበት ነገር ነበር። የትሪው ስክሪን የደረቀ ጭቃ ስለማያጣው፣ በርክክቡ ዕለት የመምሪያዎ ባለሙያ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ ፊቱን አዙሮ ነው የወሰደው።

ፖስታው ግን ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ቀን ወንድም ጋሼ እንደ ልማዱ ጣቱን ሲያኖር ካርታው ሸሽቶ ሌላ ሰፈር ገባ፤ ገጣጣሚዋ ልትመልሰው ስትነካው መላው ከተማ መዳፍ አክሎ መጣ፤ ሾፌሩ «እስቲ እናንተ ተዉት» ብሎ ሲነካው ጭራሽ ተዘጋ። ለመክፈት የተመዘገበ ጣት ጠየቀ። የተመዘገበው የእኔ ብቻ ነው፤ የእኔን ጣት ደግሞ ጭቃ ስለነካው አላውቀውም አለ። ይህን ሁሉ ለመምሪያዎ በቅንነት ሪፖርት አደረግሁ። ለትሪው ማጠፊያ ጥገና ጥያቄ ወራት የፈጀው መምሪያዎ በዚህ ጊዜ በማግስቱ ሰርኩላር አወጣ፤ ከተመዘገበው ተጠቃሚ በቀር ማንም ሰው ስክሪኑን እንዳይነካ፣ የቀሩት ሠራተኞችም ከመሣሪያው ራቅ ብለው እንዲቆሙ ታዘዘ። እኛም እንደ ታዛዥ ሠራተኞች ታዘዝን። ሦስቱ ጥላ ሥር ቆሙ፣ እኔ ብቻዬን አየሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ደረሰው ነገር። ከአንድ የልብስ ንጽህና ቤት ጀርባ የተተወ ቧንቧ ቆፍረን ሰባብረን እንድናወጣ ታዘን ነበር። እዚያም፣ ሦስት መንገድ አልፎ ካለው ዳቦ ቤት ጀርባም፣ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ይታጠፋሉ፤ ልዩነቱ በዳቦ ቤቱ በኩል ከግድግዳው ጋር ያለው የተተወው መስመር ሲሆን፣ በንጽህና ቤቱ በኩል ከግድግዳው ጋር ያለው ዋናው መስመር መሆኑ ነው። በትሪው ቢሆን ሁለቱም መታጠፊያዎች ከነመንገዳቸው ስለሚታዩ ሕፃን ልጅ አይስታቸውም። በፖስታው ግን ቁጥሩን ለማንበብ ሳሰፋው አውራ ጣቴ ካርታውን ገፍቶት ኖሮ፣ ንጽህና ቤቱ ጋ ቆሜ የዳቦ ቤቱን ካርታ ሳነብ ነበር። «ከግድግዳው ጋር ያለውን» አልኩ። ወንድም ጋሼ ቆፈረ፣ የሞተ ቧንቧ ነው ብሎም በድጅኖ መታው። ውሃው ከጣሪያ በላይ ወጣ። ከጎን ያለው ክሊኒክ ውሃው ተቋርጦበት አዋላጇ በምጥ ላይ ያለችውን ሴት ለረዳቷ ትታ ባልዲ ይዛ ስትሮጥ አየኋት። እናትም ልጅም በሰላም ተለያዩ ተብሏል፤ እኔ ግን ያን ዕለት እንዳፈርኩ አፍሬ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ ፍትሕ። መምሪያዎ ያቀረበው ክስ ቃል በቃል «ቆፋሪው ከመቆፈሩ በፊት ካርታውን በዓይኑ አላረጋገጠም» ይላል። እንዳያይ የከለከለው ሰርኩላር የወጣው ከዚያው ቢሮ፣ ማኅተሙም ያው፣ ፊርማውም ያው ነው። ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ ብዬ በጽሑፍ አስታወቅሁ። የተሰጠኝ መልስ መሣሪያውን በሰርኩላሩ መሠረት ስለተጠቀምኩ ጥፋት የለብኝም የሚል ነው። ንጹሕነቴን ስላበሰሩኝ አመሰግናለሁ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ባማረ ወረቀት ተጽፎ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።

እስከዚያው ወንድም ጋሼ በየማለዳው ወደ ጋራዣችን በር ይመጣል። የሥራ ጫማውን አጥልቆ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ መኪናችን ሲወጣ ብድግ ብሎ «በሰላም ግቡ» ይለናል። መታገዱን ለልጆቹ አልነገራቸውም፤ ስለዚህ ከቤት መውጣት አለበት። ገጣጣሚዋ በሩ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ዕቃ የምትፈልግ ትመስላለች። እኔ በመስኮቱ እጄን አውጥቼ አወዛውዝለታለሁ። ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ በሩ ጋ ነው፤ ቤቴ ገብቼም አንዱን ወንበር ትቼ ሌላው ላይ ስቀመጥ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሂድና ተናገር ወይ አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣሁ።

ይህ አምስተኛው መሆኑ ነው መሰለኝ። በእንግዳ ማረፊያዎ ውስጥ ከአበባው አጠገብ ያስቀመጡትን ትሪውን አየሁት። ጭቃው ተወልውሎ፣ ማጠፊያው ተጠግኖ፣ የርክክቡን ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፎች በየተራ እያሳየ ነበር። ጸሐፊዎን ይህ አገልግሎቱን ጨርሷል ተብሎ አልነበረም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ በፍጹም ትሕትና «ኃላፊው በትንሹ ስክሪን ለእንግዶች አይታይም ብለው ነው እኮ» አሉኝ። በመጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ እርስዎ ፖስታውን ሲያስረክቡኝ ከኋላዬ ወንድም ጋሼ ያጨበጭባል። ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ፈገግታው ሳይቀር በደንብ ይታያል። ሳላገኝዎ፣ ጸሐፊዎንም ሳልሰናበት ወጣሁ፤ ለዚህ ብልግናዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ትሪውን ይመልሱልን ብዬ እንግዶችዎን ማሳዘን አልፈልግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ከኮሚቴው ፊት ቀርበው «እንዳያይ የከለከልነው እኛ ነን» ይበሉ። ለመናገር ትንፋሽ የማይጨርስ፣ ወገብም የማይጎዳ ቃል ነው።

ለሰፊው አርቆ አሳቢነትዎና ለጠባቡ ስክሪን፣ ለፈጣኑ ሰርኩላርዎና ለዘገየው መልስዎ ሁሉ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ የማይታክት ዓይንም ይስጥዎ እላለሁ።

የተመዘገበው ብቸኛ ተጠቃሚ፣
የጥገና ቡድኑ አስተባባሪ

ማሳሰቢያ፦ በወጣልን ፕሮግራም መሠረት ማክሰኞ የምንቆፍረው ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት ነው። እዚያም ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ። በወንድም ጋሼ ምትክ የላኩልን ቆፋሪ ትጉህ ነው፤ የተባለውን ቦታ ያለ አንዳች ጥያቄ ይቆፍራል፣ በሰርኩላሩ መሠረትም ካርታውን አያይም። የማየው እኔ ነኝ። ስለሆነም ከሰኞ ማታ ጀምሮ የሚገኘውን ባልዲ ሁሉ ሞልተው ቢጠብቁን መልካም ነው።