ሲጥ የሚለው የእማማ ብላንሽ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ኦዲል፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ኖርማንስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ሉስስ እንዴት ናቸው? የቫንኩቨር ዝናብ ዛሬም አልሰለቸሽም? እኔና እማዬ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ተመስገን ነው።

አባባ ካረፈ ወዲህ የአናጢነት ሥራ ቤቱን ከፍቼ ብጠብቅ፣ ሰው ሁሉ በሩቁ ሰላም ብሎኝ እንደሚያልፍ ጽፌልሽ ነበር። እኔ የምነድፋቸውን አዳዲስ ወንበሮች የከተማ ሰዎች ይወዱልኛል። የመንደራችን ሰው ግን የአያቱን ዕቃ ለእኔ አምኖ መስጠት ፈራ። ጎረቤታችን ጋሽ ዩዶር እንዲያውም ፊት ለፊት፣ «አንቺ ልጅ፣ አዲስ መሥራት ሌላ፣ አሮጌ ማከም ሌላ» ብሎኛል። መቼም ምላሱን ታውቂዋለሽ።

በመጨረሻ እማማ ብላንሽ ደፈሩና ሟች ባላቸው ለሠርጋቸው የሠሩላቸውን ተወዛዋዥ ወንበር ላኩልኝ። እግሩ ላልቶ ሊወድቅ ደርሷል። እሳቸው ከከፋቸው ሌላ ሰው በሬን እንደማይረግጥ ገብቶኛል። ስለዚህ መጋጠሚያውን ሁሉ ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ መልሼ አጣበቅሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ኮራሁ።

ወንበሩን በመለስኩ ማግስት ጋሽ ዩዶር ጫማውን ሳያስር ወደ እማማ ብላንሽ ቤት ሮጠ አሉ። ለካስ በረንዳቸው ላይ ሲወዛወዙ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ሲል ነው ደኅና መሆናቸውን የሚያውቀው። ድምፁ ሲጠፋበት ሞቱ ብሎ ነው። እሳቸውም ቁጭ እንዳሉ፣ «እኔስ አለሁ፤ የሞተው ወንበሬ ነው። ያቺ ልጅ አፉን ዘጋችው» አሉት።

እንዴት እንዳፈርኩ! ደግነቱ የተጠቀምኩት የአባባን የቆዳ ሙጫ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይለቃል። «ሌላ ሰው ሊፈታው የማይችለውን አትግጠሚ» ይለን አልነበር? ወንበሩን አስመጣሁና ብዙ ክብደት የማያርፍባትን አንዲት መጋጠሚያ ፈትቼ፣ ሙጫዋን አጥቤ፣ እንዲሁ በደረቁ መለስኳት። እማማ ብላንሽ ተቀመጡበት። ሲጥ አለ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል፤ ግን እሱ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ከደስታዬ ብዛት አቅፌ ሳምኳቸው።

ትናንት ደግሞ በሬን ማን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? ጋሽ ዩዶር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ማንም እንዳይቀመጥበት ወደ ግድግዳ አዙሮት የኖረውን የእሷን ወንበር ታቅፏል። የተሰበረውን እግር እንድጠግንለት ነገረኝ። ከዚያ ቀለሙ በእጇ መነካካት ያለቀበትን የመደገፊያውን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰና፣ «እዚህ ጋ ግን እንዳትነኪው» አለኝ። «አልነካውም፣ ጋሼ» ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ኖርማንን ሰላም በይልኝ። ሉስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላክሁላትን በርጩማ ከበሮ እንዳታደርገው። እማዬ ሁላችሁንም በያላችሁበት ትመርቃችኋለች።

ታናሽ እህትሽ ሬዣን

ካሙራስካ፣ ኩቤክ
ጁላይ 9 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.