ለዳዊት ያልደረሰው መድኃኒት ለበረከት ደረሰ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ወደ መቃብር ከሸኘንሽ ወዲህ ይኸው ሦስተኛው የማንጎ ወራት መጣ። የግቢያችን ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበር፤ ግማሹን ጦጣዎቹ ቀድመውን በሉት። አንቺ ብትኖሪ ጠዋት ማታ ድንጋይ ይዘሽ ታባርሪያቸው ነበር። እኔ ዝም ብዬ ሳያቸው ሰላም ትስቅብኛለች። አዎ፣ ሰላም። ከመዘምራን መካከል በዓይንሽ መርጠሽልኝ የነበረችው ልጅ አሁን ባለቤቴ ናት። ሴት ልጅም ወልደናል፤ ኤደን ብለናታል። ግንባሯ ያንቺ ነው።

የስልክ ጥገና ሱቄ አሁንም እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ መናኸሪያው ጀርባ ናት። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ያዝ ብለሽ ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንጀራዬም ሆነ። ቀኝ ጉልበቴ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ግን ከተቀመጥኩበት ስነሳ ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ በረከት ነው። የእህቴ የምሕረት ልጅ ነው። እርጉዝ መሆኗን ሳትሰሚ ሄድሽ፤ እሷንም ይህ እስከ አሁን ይቆጫታል። ልጁ ሲወለድ የባሏ የማርቆስ እናት ለግርዛቱ ብለው ቅቤ ተሸክመው ከደጋው ከካምባ ወረዱ። ምሕረት ግን አራስ ቤት ሆና "ደሙ ሳይመረመር ምላጭ አይነካውም" አለች። ድምጿን ብትሰሚ አንቺ የተናገርሽ ይመስልሽ ነበር። ምርመራው የፈራነውን ነገረን። በረከትም እንደ እኔ ነው።

የማርቆስ እናት ክፉ ሰው አይደሉም፣ እማዬ። ግን ደነገጡ። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አሉ። ቀጥለውም ምሕረት እየሰማች "ምን ጎሜ፣ ምን የተከለከለ ነገር ተሠርቶ ይሆን?" ብለው ጠየቁ። ምሕረት ልጇን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ደግሞ አንቺን አሰብኩ።

ዳዊትን የማውቀው ካንቺ በሰማሁት ብቻ ነው። የበኩር ልጅሽ፣ እኔ ሳልወለድ ካምባ ላይ የተገረዘውና ደሙ አልቆም ብሎ በእቅፍሽ ያለፈው። ያኔም ነውር ጥሰሽ፣ ጎሜ ሠርተሽ ነው ቁጣው የመጣብሽ አሉሽ። እኔ ስወለድ ግን ምላጭ ይዞ የመጣውን ሰው ከደጃፍ መለስሽው፤ ጥቂት ቆይቶም እኔን አዝለሽ ወደ አርባ ምንጭ ወረድሽ። ሳልገረዝ በማደጌ የተባለውን ሁሉ አንቺ ሰማሽልኝ። ገበያ ውስጥ የሽፈራው ቅጠል እየሸጥሽ እኔንና ምሕረትን አሳደግሽ። ጉልበቴ አብጦ መራመድ ሲያቅተኝ፣ እግሬ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ካደግሁ በኋላም አዝለሽ ትምህርት ቤት ታደርሺኝ ነበር። ልጆቹ ሲስቁ "ይሳቁ፤ ጥርስ ስላላቸው ነው" ትዪኝ ነበር። አሁንም ሳስታውሰው ያስቀኛል።

በኋላ ሐኪሙ የሕመሙን ስም ነገረን፤ ሄሞፊሊያ። ደም እንዲረጋ የሚያደርግ አንድ ነገር ከደሜ ይጎድላል፤ እሱም በእናት በኩል ይተላለፋል አለን። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "እንግዲያው ያኔ ያሉኝ እውነት ነው፤ ከእኔ ነው" አልሽኝ። የዓይን ቀለም እንደሚወረስ ያለ ነገር ነው፣ ኃጢአት አይደለም ብዬ አስረዳሁሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ። አምነሽኝ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

አዲስ አበባ ሄደን መድኃኒቱን መጀመሪያ ያየንበትን ቀን አልረሳውም። ፋክተር ይሉታል። በትንሽ ብልቃጥ ያለ ነጭ ዱቄት ነው፤ በውኃ ይበጠበጥና በደም ስር ይሰጣል። የሚጎድለኝን ያንን ነገር ነው የሚተካልኝ። ሳምንታት አልጋ ላይ ያውለኝ የነበረው ጉልበት በማግስቱ ቀዝቅዞ ተገኘ። መዳፍሽን አሳርፈሽበት "ይኸው ነው? ይቺ ዱቄት ናት?" አልሽ። ደስ ብሎሽ ነበር። ፊትሽ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ዳዊትን እያሰብሽ እንደነበር ሳትነግሪኝ ገባኝ።

አሁን ፋክተሩን ራሴ እወስዳለሁ፣ እማዬ። የሆስፒታሉ ሲስተር በትዕግሥት አስተማረችኝ። ብልቃጦቹ ፍሪጃችን ውስጥ ከኤደን ወተት አጠገብ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ይዘገያል፤ ያኔ እጨነቃለሁ፣ እጠነቀቃለሁም። ሲመጣ ደግሞ እንደ ማንም ሰው ሥራዬን እሠራለሁ።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የማርቆስ እናት እኛ ቤት ተቀምጠው ሳለ ክርኔን ነዘር ነዘር አደረገኝ፤ ሞቀኝም። ውስጥ ውስጡን መድማት ሲጀምር እንዲህ ነው የሚያስታውቀኝ። ጓዳ ልገባ ተነሳሁና ሐሳቤን ቀየርኩ። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ዱቄቱን በጠበጥኩ፣ ክንዴን አሰርኩ፣ ደም ስሬን ፈልጌ ወጋሁ።

"ራስህን?" አሉኝ።

"አዎ እማማ። በረከትም ሲያድግ እንዲህ ያደርጋል።"

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ክርኔን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው መረመሩት። ከዚያ ኤደንን አንስቼ ወደ ላይ ስወረውራትና ስቀልባት ቆመው አዩኝ። ሲሄዱ በሩ ላይ "ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ ግርዛቱን እሠራለሁ ካለ እኔም አብሬ እገባለሁ" አሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ምሕረት ልጁን ደብቀው ካምባ ይወስዱብኛል ብላ ከዓይኗ አታርቀውም ነበር።

ሐኪሙ ልጁ ትንሽ እስኪጠና ድረስ እንድንጠብቅ ነገረን፤ ጠበቅን። መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን ከአዲስ አበባ መጣ። በግርዛቱ ቀን ጠዋት ለበረከት ፋክተሩ ተሰጠው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ማርቆስ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል። ምሕረት እጄን ጨምቃ ይዛለች፤ እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። መድኃኒቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ግን ያንቺን ታሪክም አውቃለሁ።

ልጁ ወጥቶ ከተኛ በኋላ የማርቆስ እናት ከአልጋው አልተነሱም። ጨርቁን ገለጥ ያደርጋሉ፣ ያያሉ፣ ይሸፍናሉ። ሲስተሯ ሁለት ጊዜ ተቆጣቻቸው። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞረው በጋሞኛ "ደረቅ ነው" አሉ። ምሕረት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለጥቂት ቀናት እዚያው ሆስፒታል ሆኖ መድኃኒቱ እየተሰጠው ቆየ፤ ከዚያ ብስኩቱን እየበላ፣ ባጃጁ ውስጥ እየጮኸ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁን መጡ። ማርቆስ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ትኩስ አሳ አምጥቶ ጠበስን። ከመጸለያችን በፊት የማርቆስ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው "የእናታችሁ የመጀመሪያ ልጅ፣ ያ ያለፈው፣ ስሙ ማን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቆሙና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ዳዊትን በእቅፏ ስላጣችው፣ ያለ ጥፋቷ ስለተወቀሰችው እናት" ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ስላንቺ ነው፣ እማዬ። የዳዊትን ስም ከእኛ ሌላ ሰው ሲጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዞር ብዬ ምሕረትን ሳያት ፈገግ ብላ ነበር። አሳው ቀዘቀዘ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ኤደንም ይህንን ነገር ከእኔ ወርሳለች። እሷን ላያማት ይችላል፣ ለልጆቿ ግን ልታስተላልፈው ትችላለች። ስሰማ አላዘንኩም። ትልቅ ስትሆን እኔው ራሴ አስቀምጬ እነግራታለሁ። በመጀመሪያ የምነግራት ግን ስለ ደሟ አይሆንም፤ ስላንቺ ነው የምነግራት። የሕመሙን ስም እንኳ ሳታውቂ ምላጩን ከደጃፍ እንደመለስሽ፣ እኔ በሕይወት የኖርኩትም በዚያ ምክንያት እንደሆነ። የአያቷን ታሪክ ስለምታውቅ፣ "ካንቺ ነው" የሚላት ሰው ሲመጣ አንገቷን አትደፋም።

ልጅሽ