በመስኮትሽ ላይ ስላለው ሐረግ

እህት ዓለም፣

ከሌሊት ተረኛነትሽ ስትመለሺ ሐረግሽን እንደ ወትሮው አብቦ ታገኚዋለሽ። አያታልልሽ።
ከሥሩ ቆርጬዋለሁ፤ እስከ ቀትር ይጠወልጋል።

ትናንት ያመጣሁትን ቁጥቋጦ ልተክል ስቆፍር፣ የደረቀ ግንድ መስሎኝ መቀሱን አሳረፍሁበት። ውስጡ እርጥብ ነበር። «ፀሐይ መታው» ብዬ ዝም ልል ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ውሸት ይዤ ቅዳሴ መቆም አልሆነልኝም።

ሁለት ቁራጭ በብርጭቆ ውኃ ነክሬ በማድ ቤቱ መስኮት ላይ አኑሬያለሁ፤ ምናልባት ሥር ያወጡ ይሆናል። ውኃውን ለውጪላቸው።
ቁጥቋጦው በባልዲው ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ከፈለገው ይውሰደው። ጉድጓዱ የሐረግሽ ነው።

ቁጥቋጦ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ በተከሉት ስፍራ ይጸናል፤ ሐረግ ግን የሰው ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል እያልሁ ስሟገትሽ፣ አንቺ «ጋሼ፣ አንተ እኮ አትክልቱንም ልታመነኩሰው ነው!» ብለሽ ስቀሽ አለፍሽ።
በቤትሽ ካስጠጋሽኝ ጀምሮ እኔ ራሴ የማንን ግድግዳ ተደግፌ እንደምኖር ልትጠይቂኝ ትችዪ ነበር።

አልጠየቅሽኝም።

ወንድምሽ