ሮምን ለሳህሉ ማስተማር

ኅዳር 6፣ 2001፣ ቅዳሜ

ዝናብ። መስኮት ወለወልኩ። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የመጣውን ደብዳቤ በፋይሉ አስገባሁ። ምስር አበሰልኩ፤ ጨው በዛበት።

ሳህሉ ደወለ። የመረዳጃ ማኅበራችን ሰብሳቢ።

«የዓለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተጎልቶ ስልክ ከሚነካካ አንድ ነገር አስተምሪው።»

«ምን ላስተምር?»

«ታሪክ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ያስተማርሽውን። የእኛን ግን እንዳታነሺ፣ ወንበር መወራወር ይመጣል። የሩቅ አገር ይሁን። የሞቱ ሰዎች።»

ሮም አልኩት።

«ግሩም! ሮማውያን እዚህ ኦስሎ ዘመድ የላቸውም» አለ።

ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጠመኔ አልነካሁም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ቫይትቬት፣ የማኅበሩ ክፍል። አሥራ አንድ ሰው። ሳህሉ ፊት ወንበር ላይ፣ አዲስ ደብተር ይዞ። ሮማውያን ንጉሣቸውን አባርረው ሥልጣንን ለሁለት ሰው እንዳካፈሉ ነገርኳቸው። ቆንስል ይባላሉ። አንዱ ሌላውን ማገድ ይችላል። ዘመናቸው አንድ ዓመት ብቻ።

«አንድ ዓመት!» አለ ሳህሉ። «ቁልፉን እንኳ ሳይለምዱት?»

በቀለች ሳል ያዛት። ጎረቤቴ ናት፣ ሳሏን አውቀዋለሁ። የውሸት ነው።

መተዳደሪያ ደንባችንን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሰብሳቢ ለአንድ ዓመት ይመረጣል። ሳህሉ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ጥር በመጣ ቁጥር ይነሳና «ደከመኝ፣ ልቀቁኝ» ይላል። እኛም «በሞቴ! ያለ አንተ ማን አለን!» እንላለን። አንገቱን ይደፋል፣ እንደገና እንለምናለን፣ ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ጭብጨባ። ምርጫ ተደረገ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ስድስት ጊዜ አጨብጭቤያለሁ። እኔም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ማሪዩስ። አምስት ዓመት በተከታታይ ቆንስል የሆነ ጄኔራል። ምክንያቱ? ከሰሜን ጠላት እየመጣ ነው።

«የእኛ ጠላት የክፍሉ ኪራይ ውል ነው» አለች በቀለች በጆሮዬ። ውሉ እስኪታደስ ሳህሉ ይቆይ ተብሎ ስንት ጥር አለፈ...

ታኅሣሥ 3

የጸሐፊያችን የቴዎ ደብዳቤ ለአባላት ሁሉ ደረሰ። በጥር ወር ጉባኤ አንቀጽ ዘጠኝ ይሰረዝ ይላል። በምትኩ፦ «ሰብሳቢው በቃኝ እስኪል ድረስ ያገለግላል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቃኝማ በየዓመቱ ይላል!

ሳቅሁ። ከዚያ መሳቁን ተውኩት። ይህ ከጸደቀ ከእንግዲህ ምርጫ የለም።

ታኅሣሥ 5

ሳህሉ ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩም ይኸው ነው። ፎርኔቡ ኤርፖርት በቀጭን ሹራብ ስወርድ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰኝ እሱ ነው። በዚያ ብርድ እሱ በሸሚዝ...

ግን ሁሉ ነገር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አምና ጉልበቱን ሊታከም ሆስፒታል ሲተኛ አባላችን አስፋው ሞተ። ለማን እንደሚደወል የሚያውቅ ጠፋ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ሳይላክ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። ሚስቱ በየቀኑ እየደወለች «ዛሬስ?» ትለኝ ነበር። 

ለሳህሉ በግልጽ ልንገረው? ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሻይ ቀዳልኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኦክታቪያን፣ የቄሳር ወራሽ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አላጣመምኩም። ተቀናቃኞቹ በሙሉ አልቀዋል፣ ጦሩ የሱ ነው። በጥር ወር ሴኔት ገባና «ሥልጣኑን መልሼላችኋለሁ፣ ልቀቁኝ» አለ። ሴናተሮቹ እባክህ ብለው ለመኑት። እያቅማማ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሪፐብሊኩ ስሙ ብቻ ቀረ።

 ጫማቸውን የሚያዩ ነበሩ።

ሳህሉ ጠረጴዛውን መታ። «እነዚህ ሴናተሮች አያፍሩም? ‹እሺ፣ እናመሰግናለን› የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?»

«ጠፋ» አልኩ።

«ጉድ እኮ ነው!» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። አሰመረበትም።

ወጣቷ ጸዳለ ኮሪደር ወጥታ ሳቀች። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ እንደ እሷ መሳቅ የቻለ ሰው የለም። ተከትያት ወጣሁ።

«እትዬ፣ ሰምተሻል? መልሱን ራሱ ነገረን እኮ!»

«ያ» አልኳት። እኔ ራሴ «አዎ» ለማለት እንደ ኖርዌዮቹ ያ ማለት ጀመርኩ።

ታኅሣሥ 23

ስም ዝርዝር አዘጋጀሁ። ሠላሳ አራት አባላት ነን፤ እኔን፣ ሳህሉንና ቴዎን ስቀንስ ሠላሳ አንድ። በተራ እየሄድኩ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ልቀቁኝ» ሲል እንዳትለምኑት።

ሊንደበርግ፣ ጥሩነህ ቤት። «ዝም ማለት ነው ሥራው? እሱማ ቀላል ነው» አለና ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

ቬስትሊ፣ ተክለሃይማኖት ቤት። ዓይነ አፋር ነው። «እትዬ፣ ነውር አይሆንም?» ይሆናል አልኩት። እውነቱን ነው።

በቀለች ግን አስቸገረች። «ሰው ደከመኝ ሲል በሞቴ ካላልኩ ምላሴን ይበላኛል።»

«ነክሰሽ ያዢው።»

የቄሳር ገዳዮችም እንዲህ ቤት ለቤት ሳይዞሩ አልቀሩም። ብሩቱስ ቄሳርን ይወደው ነበር ይባላል። ይህን ለክፍሉ አላነሳሁም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጉባኤ። ሠላሳ አራታችንም መጣን። 

ሳህሉ ተነሳ። ከረባት አስሯል። «ስድስት ዓመት ተሸከምኩ። ደከመኝ። ልቀቁኝ፣ ለወጣት ስጡ።» አንገቱን ደፋ። ጠበቀ።

ዝም።

በቀለች አፏን በሻርፕ አፍናለች። ጥሩነህ ጣሪያ ያያል። ሳህሉ አንገቱን እንደደፋ ነው። ማጅራቱን አየሁት፣ ሸብቷል። ያ በሸሚዝ የቆመው ሰው... አፌ ራሱ ተከፈተ። «በሞ...»

የበቀለች ቦት ጫማ እግሬ ላይ አረፈ። አሁንም ያመኛል።

ያኔ ተክለሃይማኖት ተነሳ። ያ ዓይነ አፋሩ! «እሺ፣ እናመሰግናለን ጋሽ ሳህሉ» አለ። አጨበጨብን።

ሳህሉ ቀና አለ። ተክለሃይማኖትን አየ። ከዚያ እኔን። ረጅም ጊዜ።

«ኧረ እንደዚያ ማለቱ አይደለም!» ብሎ ቴዎ ጮኸ።

«ተው ቴዎ» አለ ሳህሉ። «ብያለሁ።» ተቀመጠ። የአንቀጽ ዘጠኝ ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያስ? «እትዬ የዓለም ትምራን!» ተባለ። «ኧረ እኔ ደክሞኛል» አልኩና ተነሳሁ። «በሞቴ! በሞቴ!» በቀለች ከሁሉ በላይ ትጮኻለች፣ ምላሷ ተፈታ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያስደነገጠኝ... ሌላ አንድ ልመና ቢጨመር እሺ እል ነበር?

ወረቀት አደልኩ። በምስጢር ይጻፍ አልኩ። ጸዳለ አሥራ ዘጠኝ፣ ቴዎ አሥራ አራት። አንድ ወረቀት ላይ «ቄሳር» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ፊት ወንበር ላይ ሲጻፍ ስንት ቅዳሜ አይቼዋለሁ።

ጥር 18

ሳህሉ አልደወለም።

ጥር 22

አልደወለም። እኔ ደወልኩ። ሚስቱ «ተኝቷል» አለችኝ። ከቀኑ በስምንት ሰዓት!

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ትምህርት የለም አልኩ። ጉንፋን ብዬ። ዋሸሁ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ጸዳለ የመራችው የመጀመሪያ ስብሰባ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተጀምሮ ሳለ ሳህሉ ገባ። ከረባት የለም። በቀለች የፊቱን ወንበር ልትለቅለት ብድግ አለች፤ በእጁ «ተይ» አላትና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

 ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ፈተናው ለእኔ መሆኑን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ታጠና ነበር።»

«ስንት አገኘሁ?»

«ተው ቴዎ ያልክ ጊዜ መቶ ከመቶ።»

አፍንጫው ሳቀ። አፉ ገና ነው።

እጁን አወጣ። ጸዳለ ዝርዝሯን አየች። «ጋሽ ሳህሉ፣ ተራህ አራተኛ ነው።» አንተ አለችው! እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ አይከብዳትም። ሳህሉ እጁን አውርዶ ጠበቀ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሰዓት ይዣለሁ።

ተራው ደረሰ። ከኪሱ ያንን የሮም ደብተር አወጣ። ከጀርባው ገጽ ጀምሮ ሌላ ነገር ጽፎበታል።

«ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው እዚህ ነው። ጻፉ።»

የሆስፒታሉ። የቀብር አስፈጻሚው። የኤምባሲው። አስከሬን የሚጭነው አየር መንገድ። ማን ቶሎ እንደሚያነሳ፣ ማን እንደሚያጉላላ፣ ማንን በኖርዌይኛ ማንን በእንግሊዝኛ ማናገር እንደሚሻል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ቴዎም።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ሦስተኛውን ይድገሙልኝ» አለች በቀለች።

«ስታወሪ ነው ያመለጠሽ» አላት። ደገመላት።

ሰባተኛው ላይ ስህተት ሰማሁ። ሰባት አኃዝ ብቻ ነው ያነበበው፤ እዚህ አገር ስልክ ስምንት ነው። እጄን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ከአቶ ጥሩነህ ቀጥሎ ነሽ» አለችኝ ጸዳለ።

ጥሩነህ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወረቀቱ አራት ገጽ ነው።

እጄን አውርጄ ጠበቅሁ።