ኳስ የማይንከባለልበት ሰዓት

ሰኞ

ዛሬም አጥራችን ሥር ሸንተዋል። ቆርቆሮው ዝጎ ከታች መበላት ጀምሯል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነው በሩን የከፈትሁት። የጫቱን ገረባም እዚያው ይጥላሉ፣ የሲጋራውን ቁራጭም እዚያው። የጎረቤታችን የአስማረ ኳስ ማሳያ ቤት በረከት ይኼ ነው።

ጩኸቱ ግን ከሽንቱ ይብሳል። ሽንት በውኃ ይታጠባል። ድምፅ ማጉያውን የሰቀለው ልክ ከአባባ መደብ ጀርባ፣ ከግድግዳው ማዶ ነው። አባባ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ አያዩም፤ ድጓውን በቃላቸው እያዜሙ ያስተምራሉ፣ ተማሪው ሲቀጽል፣ ተቀብሎ ሲያዜም፣ እየሰሙ ያርማሉ። ድሮ ግቢያችን በተማሪ ይሞላ ነበር። አሁን የቀረው አንድ ነው፣ የኮሶዬው ዲያቆን ይስማው። እሱም ሰሞኑን "እትዬ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሌላ መምህር ልሄድ ነው" አለኝ። ምነው ስለው አቀረቀረ። ምን ይበል? ጆሮ ያለው ይሰማዋል። እሱ ከሄደ አባባ ጠዋት ተነሥተው ማንን ሊጠብቁ ነው?

ትናንት ግን አሸነፍሁ። የሰፈሩን ሽማግሌ አያ ታከለን ይዤ አስማረ ዘንድ ሄድሁ። ተንገራገረ፣ ተንገራገረና ማለ። ቀጥታ የሚተላለፍ ጨዋታ ከሌለ ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። ያለፈውን ድገምልን ቢሉትም አይከፍትም። እኔ በልቤ አሰላሁት፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ከዚያ በሳምንቱ መካከል አንድ ሁለት ምሽት። ሌላው ሁሉ የኛ! ጾምም ፍስክም ወራት አለው፣ ኳስም ይኖረዋል ብዬ።

ማክሰኞ

ሞኝ ነኝ።

በሰባት ሰዓት ስመለስ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ገባሁበት።

"አስማረ፣ አልማልህም?"

"ምያለሁ ቲቸር። ያውልሽ እይው፣ ጃፓን ነው። ቀጥታ።"

እውነቱን ነው። አራት ጎረምሶች ስሙን መጥራት ለማይችሉት ቡድን የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ይጮኻሉ። የሚወራረዱበት ስለሆነ ማንም ቢጫወት ግድ የላቸውም። ቤቱ የእግርና የጭስ ሽታ አለው። ወጣሁ።

ጃፓን ሲያልቅ ዓረቦቹ ተተኩ። ከዓረቦቹ አውሮፓ። ዛሬ ማለዳ የቀሰቀሰን ደግሞ ደቡብ አሜሪካ ኖሯል፤ አስማረ እየማለ ነገረኝ። መሐላውን አንዲት ደቂቃ አላፈረሰም። የምጣላበት ነገር እንኳ አሳጣኝ።

ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ የራሴ ነገር ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል "ምድር በሰዓት ዐሥራ አምስት ዲግሪ ትዞራለች፣ እኛ ጋ ሲመሽ ሌላው ጋ ይነጋል" እያልሁ ጠመኔ የምጨርስ ሰው፣ እሑድ ዕለት ስዋዋል ፀሐይ ለጎንደር ብቻ የምትወጣ መስሎኝ ተዋዋልሁ።

ይስማው ዛሬ ለአባባ ሦስቴ "አልሰማሁም የኔታ፣ ይድገሙልኝ" አላቸው። ሦስቴ ደገሙ። አንጀቴ አረረ።

ረቡዕ

መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ኳስ የሚጫወተውን አገር መቶ ብቻ ልበል፣ መብለጡ አይቀርም። እያንዳንዱ በሳምንት ሰባት ጨዋታ ያድርግ። ሰባት መቶ ሆነ። አንዱ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት ውስጥ ደግሞ ሁለት ሁለት ሰዓት ሰማንያ አራት ጊዜ አለ። ሲካፈል ስምንት። ይኼ በግምት ነው፣ ግን አሁን ይኼን ስጽፍም፣ ስተኛም፣ ሳስቀድስም፣ ዓለም ላይ ስምንት ቦታ ኳስ እየተራገጡ ነው ማለት ነው።

የስፖርቱ መምህር በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አይቶ ሳቀብኝ። "ሴቶቹን ረሳሻቸው፤ ሁለተኛ ዲቪዚዮኑን ረሳሽው፤ ወጣቶቹስ?" አለ። ደብተሩን ከደንሁት። ይኼ ሰው የሚባል ፍጥረት ሥራ የለውም? አያርስም? ልጅ አያጥብም?

ቆይቶ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ስምንት ያልሁት አማካይ ነው። በሥራ ቀን ሰው የሚጫወተው ወደ ማታ ነው፤ ጨዋታው ምሽትን ይከተላል። ታዲያ እኛ ጋ ጠዋት ሲሆን ምሽቱ የት ነው ያለው? ሄጄ ሉሉን አዞርሁት። ጎንደር ላይ ሦስት ሰዓት ጠዋት ሲሆን የሚመሸው ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ነው። ውኃ! ዓሣ ቡድን የለው፣ ደጋፊ የለው። አሜሪካኖቹ ተጫውተው ተኝተዋል፣ ጃፓኖቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው። ብቻዬን "እልል" ልል ትንሽ ቀረኝ።

የውቅያኖሱን ነገር ለአስማረ ስነግረው ስልኩን እየነካካ ፈተሸው። "ነገ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ቀጥታ የለም። አርብም እንደዚሁ" አለ። "በይ እንግዲህ ቲቸር፣ እዘጋለሁ። ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"ከምድር" አልሁት።

ይስማው ትምህርቱ ወደ ጠዋት ዞሯል ስለው ደስ አላለውም። ጩኸት ለምዶ ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት ክፍል የለኝም። በሩ አጠገብ ምስር እየለቀምሁ ተቀመጥሁ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ግቢያችን ውስጥ መቼ እንደነበር አላስታውስም። የጎረቤት ዶሮ ስትጭር ይሰማል።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሸጋ ድምፅ፣ ያው ድምፃቸው። ከዚያ የሚካኤልን ዜማ ጀምረው መካከሉ ላይ የገብርኤልን ቀላቀሉበት። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ስሰማ አድጌ ይኼን አልስትም። ተመልሰው ከመጀመሪያው አነሡ። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ አሁንም ሳቱ። ይስማው "የኔታ" ብሎ ጀመረና ዋጠው። ለዓይን ደካማ ጸጥታው ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አየሁ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?" አሉ።

ይስማውን በር ላይ ያዝሁት። መጀመሪያ አልናገርም አለ፣ ከዚያ አለቀሰ። "ከክረምት ወዲህ ነው እትዬ። አንዳንድ ጊዜ ይጠፋቸዋል። ኳሱ ሲጮኽ አልሰማሁም እላቸዋለሁ። ሲደግሙት ይመጣላቸዋል። እሳቸውም ኳሱ አሳተኝ ይላሉ፣ እኔም አዎ እላለሁ። ዛሬ ምን ልበላቸው?"

"ታዲያ የምትሄደው በጩኸቱ አይደለም?"

"እንዴት አድርጌ ላርማቸው? የኔታን?"

ምስሩን ሳልጨርስ ተውሁት። ጎረቤቴን ስጸየፍ፣ ዓለሙን ሁሉ ስጸየፍ ከርሜ፣ የአባቴን መደበቂያ በገዛ እጄ አፈረስሁባቸው። በሉልና በካርታ! ዛሬ ምሳቸውን አልበሉም።

አርብ

ከትምህርት ቤት በፊት አስማረ ዘንድ ሄድሁ።

"ክፈተው" አልሁት።

"ምኑን?"

"ድምፅ ማጉያውን። ጠዋትም ክፈተው።"

"ቲቸር፣ ጠዋት ጨዋታ የለም። ውቅያኖስ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ያለፈውን ድገምላቸው።"

በሽማግሌ ፊት ምያለሁ፣ አላፈርስም አለ። ይኼም ጨዋ ሆኖ አረፈው! አያ ታከለን ከቤታቸው ጠርቼ አመጣሁ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ እሑድ ዝጋ፣ አርብ ክፈት? ደኅና ነሽ?"

የአባባን ነገር ከአፌ ማውጣት አልቻልሁም። መሪጌታው ድጓው ጠፋቸው የሚል ወሬ ከዚህ ሰፈር ወጥቶ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም።

"ኳስ መውደድ ጀመርሁ" አልኋቸው።

ምላሴ መረረኝ። አስማረ ከኋላ ሲስቅ ሰማሁት። አያ ታከለ ግን አልሳቁም። "መሪጌታ እንዴት አደሩ?" ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልሁ። "በል፣ መሐላውን ፈትቼልሃለሁ፣ ክፈትላት" አሉት። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ለጠባቂ መልአኬ ነው የተውሁት።

ቅዳሜ

ከማለዳ ጀምሮ አውስትራሊያ ነው አሉ። ቀጥታ። ጎል ሲገባ የቡና ስኒዎቼ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። አጥሩ ሥር ሸንተዋል፤ ሁለት ባልዲ ውኃ ከበረኪና ጋር ደፋሁበት፣ አሁንም ይሸታል። አስማረን ዛሬም ጠላሁት። ኳስንም ጠላሁ፣ እንደ ጠላሁትም እሞታለሁ።

ይስማው መጣ። ነገ መሄዱን አልጠየቅሁትም፣ ፈራሁ። ራሱ ነው ያነሣው። ጠዋት ጠዋት ከሌላው መምህር ዘንድ ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ይመጣል። "የኔታ ግን አይወቁ" አለኝ። እስከ መቼ እንደሚዘልቅ እንጃ። ዛሬ ግን አባባ ምሳቸውን በልተው መደባቸው ላይ ወጡ።

ዜማውን ጀምረው መካከል ላይ አቆሙ። ግድግዳው ማዶ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ጮኸ።

"ይኼ ጋኔን!" አሉ አባባ፣ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። "ይኼ ባይኖር ዛሬ የት በደረስን!"

"አዎ የኔታ" አለ ይስማው። "አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።"

ደገሙለት።