የምሮጠው አብጄ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አለበል፣
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እስማለሁ። እናቴስ እንዴት ናት? ያ የወገብዎ ቁርጥማት ከክረምቱ ጋር ወጣልዎ ወይስ አሁንም ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦዎታል? ገብሱን ውርጭ እንዳልነካው ወንድሜ ማሩ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል፤ የባቄላውን ነገር ግን ብጠይቀው ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ዞረብኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ደኅና ነኝ የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ይህንኑ እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።

ማሩ መልእክትዎን አድርሷል። ባለፈው ሳምንት ከምሠራበት የስፌት ቤት ስመለስ፣ አቧራ እንደለበሰ የቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በአጨዳ ሰዓት በሬና ማጭዱን ጥሎ መምጣቱን ሳይ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ገና እግሩን ሳላጥበው፣ «አባቴ ይዘሃት ና ብሎኛል፤ ልወስድሽ ነው የመጣሁ» አለኝ። ምን ሆኜ ብዬ ብጠይቀው፣ የአገራችን ሰው አያ ተሻገር ቅቤ ሊሸጥ አዲስ አበባ የመጣ ጊዜ ነጠላዬን አሸርጬ፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ በዛፍ መካከል ብቻዬን ስሮጥ እንዳየኝ፣ ከአጥር ማዶ ሆኖ ቢጠራኝም ዘወር ብዬ እንዳላየሁት ነገረኝ። ወሬው ከደረሰዎ ወዲህ እህል በወጉ እንዳልቀመሱም ጨመረልኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

አባቴ፣ በዚህ አልፈርድብዎትም። ልጄ የሞተ ዓመት ከቤት እየወጣሁ ገደል ለገደል ስዞር፣ ፈልገው የሚመልሱኝ እርስዎ ነበሩ። እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ፣ ሰው ሲጠራኝም አልሰማም ነበር። አያ ተሻገር ይህን ስለሚያውቅ፣ ያ ክፉ ቀን የተመለሰብኝ ቢመስለው አይደንቅም። ነገር ግን ያን ጊዜ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። አሁን መሄጃዬንም መመለሻዬንም አውቃለሁ። ጥሪውን ያልሰማሁትም ቁልቁለቱን ስወርድ ነፋሱ በጆሮዬ እያፏጨብኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቤት አከራዬ በወይዘሮ ላቀች ነው። ስኳር በሽታ ስላለባቸው ሐኪም በየማለዳው በእግር እንዲሄዱ አዘዛቸው። እሳቸው ደግሞ፣ ያለ ጉዳይ ስንከራተት ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብለው አፈሩና፣ «አንቺ ካልተከተልሽኝ አልወጣም» አሉኝ። ከሰፈራችን በታች የከተማው መናፈሻ አለ። ሰው ንጹሕ አየር የሚቀበልበት፣ ዛፍና አበባ የሞላበት ሰፊ ቦታ ነው። እዚያ ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ።

መንገዱን በዓይንዎ ቢያዩት እንዴት በወደዱት። ቀይ ገረጋንቲ የፈሰሰበት ነው፤ ከብረቱ በር ተነሥቶ በጽድና በወይራ ጥላ ሥር ያልፋል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ወንዝ በእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል። አናቱ ላይ ሲደርሱ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ከማዶ የእንጦጦ ጋራ ጉም ተከናንቦ ይታያል። እዚያ ቆሜ ሁልጊዜ አገሬን አስባለሁ። ከዚያ በቁልቁለቱ ዳክዬዎች ወደሚዋኙበት ኩሬ ወርዶ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው በሩ ላይ ይመልሳል። ከቤታችን ወንዝ ወርዶ የመመለስ ያህል ነው።

በበልጉ አንድ ማለዳ እሜቴ ላቀች በሩ አጠገብ ተቀምጠው እኔ ብቻዬን ሽቅብ ስወጣ ድንገት ዝናብ ወረደ። ልጠለል ብዬ ሮጥኩ። ዛፉ ሥር ከደረስኩ በኋላ ግን እግሬ አልቆም አለኝ፤ እንደሮጥኩ ዙሪያውን ጨርሼ በሩ ላይ ደረስኩ። ልብሴ በስብሷል፣ ደረቴ ግን የተከፈተ ያህል ቀለለኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ ሳይቆራረጥብኝ ነጋ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በዝግታ ይሄዳሉ፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ድልድዩ ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ የሚስቅብኝ ነበር፤ አሁን ዘበኛው እንኳ ከቀረሁ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል።

ማሩ ይህን ሁሉ ስነግረው አላመነኝም። መምሬ ተክለ ሃይማኖት የላኩልኝን የአገራችንን የቤተ ልሔም ጠበል በቅል ይዞልኝ ነበርና፣ በማግስቱ ጧት ተንበርክኬ ጠጣሁ። ጠበል ለታመመም ለጤነኛም በረከት ነው። ከዚያ፣ «አሁን ና፤ ያበድኩበትን ቦታ ላሳይህ» ብዬ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከእሜቴ ጋር እየተራመደ ሲያየኝ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ዱላውን ለእሳቸው ሰጥቶ ጋቢውን አሸረጠና ተከተለኝ። አነሣሡ ከብት እህል ውስጥ የገባበት ሰው ይመስል ነበር፤ በአንድ ጊዜ ጥሎኝ ሄደ። የሽቅቡ አጋማሽ ላይ ስደርስ ግን ወይራ ታቅፎ ቆሞ ያለከልካል። ሳልፈው፣ «አንቺ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ እኔ ልመልስሽ እኮ ነው የመጣሁ» አለኝ።

እኔ መሮጡም አቃተኝ፤ ሳቅ ጣለኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አብሮኝ ሳቀ። ቆይቶ ዓይኑን ጠረገና፣ «ከልጅሽ ሞት ወዲህ ስትስቂ ስሰማ ዛሬ ገና ነው። በይ እዚሁ ሁኚ፤ አባቴን እኔ እነግረዋለሁ» አለኝ።

አባቴ፣ እርሱ ይንገርዎ፣ እኔም እዚሁ እንድቆይ እለምንዎታለሁ። ሥራዬን ወድጄዋለሁ፣ የማታ ትምህርቴንም እየገፋሁ ነው፤ ይህችን ደብዳቤ በራሴ እጅ መጻፌን ይዩልኝ። ለፋሲካ መጥቼ በዓይንዎ እስኪያዩኝ ድረስ፣ ምግብዎን ይብሉ፣ ይመርቁኝም።

እናቴን ዓይኗን ሳሙልኝ፤ ለእሷ የሰፋሁትን ቀሚስ ማሩ ይዞላታል። እኅቴን ትሁንን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በሉልኝ፤ አራስነቷ ሳያልቅ ሥራ አታስነኳት። አያ ተሻገርን ወሬ አመላላሽ ብለው እንዳይቆጡት፤ ስለ እኔ ደንግጦ ነው፤ ጤና ይስጥልኝ በሉልኝ። የመምሬ ተክለ ሃይማኖትን መስቀል በእኔ ስም ተሳለሙልኝ። በቅዳሴ ጊዜም የልጄን የአዱኛን ነፍስ እንዲያስቡልኝ ንገሯቸው። እስከ ዛሬ ስሙን መጻፍ ቀርቶ መጥራት አልችልም ነበር፤ አሁን ግን ጻፍኩት።

ልጅዎ ሐረገ ወይን አለበል
አዲስ አበባ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.