ቦሎቄው ሲበስል የመጣ መርዶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1991 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ጠዋት ቢሮ ከመሄዴ በፊት ጥቁሩን ቦሎቄ ከበግ ሥጋ ጋር ጣድኩና፣ ፍሙን አመድ አልብሼ እናቴን አደራ አልኳት። በልጅነታችን ለትምህርት ተልከን ኩባ ሳለን በአሳማ ሥጋ ነበር የምንበላው። እዚህ የአሳማን ስም አላነሳም። ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲበስል ይውልና ደክሞኝ ስገባ ራቴ ደርሶ ይጠብቀኛል።

ከሰዓት በኋላ አብራኝ ኩባ ያደገችው ሮማን ከባሕር ዳር ደወለች። “ማርታ አረፈች” አለችኝ። ማርታ እዚያ ኩባ የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ይህን ቦሎቄም ያስተማረችኝ እሷ ናት። “እሺ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አየችው።

“ምን ሆነሻል ልጄ?”

“ሰው ሞቶብኝ ነው።”

“ማን?”

“ያሳደገችኝ ሴት።”

አምልጦኝ ነው። በዐሥር ዓመቴ ወደ ኩባ አልቅሳ የሸኘችኝ እኮ እናቴ ናት።

እናቴ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መደቡ ላይ ተቀመጠች። “እኔ በሌለሁበት ልጄን ያጎረስሽልኝ እህቴ” እያለች አይታት ለማታውቃት ሴት አለቀሰች።

እኔ እንባ አልመጣልኝም። ቦሎቄውን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና በላሁ። ጨው አንሶታል።